ብስክሌት በሚዛን ብቻ አይመረጥም

ስለ ተራራ ብስክሌት የሚነጋገሩ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብለው ነው። ብስክሌቱ ከካርቦን የተሠራና በአንድ እጅ የሚነሣ እንደ ሆነ ሁሉም ከቦ ያደንቀዋል። ሾኩ ለነጂው ክብደት ተስተካክሎ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። እኔ በበኩሌ ይህ ነገር የተገለበጠ ነው እላለሁ። ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ቀላል የአገር አቋራጭ ብስክሌት ጥቅሙ የሚታወቀው ለሚነዳው ሰው በልኩ ሲስተካከል ነው፤ አለዚያ ዋጋው የከበደ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ምክንያቴንም ከዚህ ቀጥዬ አስረዳለሁ።

የአገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት ውድድር በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታው ጨዋታ ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች የኋላ ሾክ የሌለውን ብስክሌት ይመርጡ ነበር። የኋላ ሾክ ብስክሌቱን ያከብደዋል፥ ፔዳሉም ሲረገጥ እየተወዛወዘ የነጂውን ጉልበት ይበላል ተብሎ ይፈራ ነበርና። ነገር ግን የውድድሩ መንገድ ድንጋዩና ሥሩ እየበዛ፥ ሾኩም እየተሻሻለ በመሄዱ የብዙዎች አሳብ ተለወጠ። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ኒኖ ሹርተር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ከፊትም ከኋላም ሾክ ባለው ብስክሌት ነበር። ዛሬ የዚህ ዓይነት ብስክሌት በብዛት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ መንኰራኩሩም ከ100 እስከ 120 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል።

የሾኩ ጥቅም ለመቀመጫ ምቾት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዋናው ጥቅሙ ግን ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረጉ ነው። በእንጦጦ ዳገት በባሕር ዛፍ ሥር ላይ የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። የኋላ ጎማው በዘለለ ቍጥር የተረገጠው ፔዳል በከንቱ ይቀራል፤ ቁልቁለትም ሲሆን ፍሬን የሚይዘው መሬቱን የነካ ጎማ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስለ ክብደት በሒሳብ እንነጋገር። ነጂው 60 ኪሎ፥ ብስክሌቱ 11 ኪሎ፥ ልብሱና ውኃው 4 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 75 ኪሎ ነው። ከብስክሌቱ 1 ኪሎ ቢቀነስ የሚድነው ከ75 አንድ እጅ ነው። ስለዚህ 10 ደቂቃ በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚገኘው ትርፍ ቢበዛ 8 ሴኮንድ ነው። ያችን አንዲት ኪሎ ለመቀነስ የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ነው። በአንጻሩ ጎማ ቢፈነዳ የሚጠፋው ጊዜ ስንት ነው? በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ጎማው ተበስቶበት ከ30 ሴኮንድ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻው ዙር ቀድሞ ወርቁን ቢወስድም ለዚያ የሚበቃ ጉልበት ያለው ስንቱ ነው?

ክራር ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ሳይቃኝ አይዘፈንበትም፤ ቅኝቱም በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ቅኝቱ በሚከተለው ተራ ቢፈጸም ይበጃል።

1ኛ፤ የሾኩ አየር። ነጂው ጫማውን፥ የራስ ቍሩንና የውኃ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ሾኩ ሳይቈለፍ በብስክሌቱ ላይ በቀስታ ይቀመጥ። በሾኩ ዘንግ ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት ጓደኛው ወደ ታች እስክትደርስ ገፍቶ፥ ነጂው ሳይነቀንቅ ይውረድ። ቀለበቲቱ የሄደችበት ርቀት በፊት ሾክ ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ፥ በኋላው ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢሆን መልካም መነሻ ነው። ርቀቱ ቢበልጥ አየር ይጨመር፤ ቢያንስ ይቀነስ። ይህም የሚደረገው ለሾክ በተሠራው መለኪያ ባለው ትንሽ ፖምፓ እንጂ በጎማ መንፊያ አይደለም።

2ኛ፤ የመመለሻው ፍጥነት። ሾኩ ከተጨመቀ በኋላ ፈጥኖ ቢመለስ ነጂውን እንደ ኳስ ይወረውረዋል። እጅግ ቢዘገይ ደግሞ ከሚቀጥለው ድንጋይ በፊት ስለማይነሣ እየሰመጠ ይሄዳል። መመለሻውን የምታዘው ትንሽ ቍልፍ ከመካከለኛው ነጥብ ተጀምራ አንድ አንድ ነጥብ እያለች ትሞከር።

3ኛ፤ የጎማው አየር። ጎማ የጠጠረ እንደ ሆነ ይፈጥናል የሚባለው ለለሰለሰ አስፋልት ነው። በድንጋያማ መንገድ እጅግ የጠጠረ ጎማ ይዘላል፤ እጅግ የላላም ቸርኬውን ከድንጋይ ጋር ያጋጫል። የውስጥ ጎማ ለሌለው ሰፊ ጎማ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ1.3 እስከ 1.5 ባር ቢጀምር ይስማማዋል።

4ኛ፤ ማስታወሻ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ቍጥሩም በደብተር ይጻፍ። ሁለት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው የጠቀመው የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ይህን የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም። ባለፈው ዓመት 50 ኪሎ የማይሞላ ጓደኛዬ ከውጭ አገር የመጣ እጅግ ቀላል ብስክሌት ተውሶ ነዳ። የሾኩ አየር የተሞላው 80 ኪሎ ለሚመዝነው ለአጎቱ ነበርና ለእርሱ እንደ ሳንቃ ደረቀበት። ቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ ድንጋይ መትቶ ሲነሣ በመሪው ላይ አልፎ ወደቀ፤ አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ብዙ ሳምንት ከጨዋታ ተለየ። ብስክሌቱ ግን ምንም ጕድለት አልነበረበትም። ጕድለቱ ልኩ የሌላ ሰው መሆኑ ነበር።

የኋላ ሾክ የሌለው ብስክሌት ርካሽ ነው፥ ጥገናውም ጥቂት ነው የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። መንገዱ ለስላሳ ለሆነ ወይም ገንዘቡ ላልበቃው እኔም ያንኑ እመክራለሁ። ባለ ሁለት ሾኩን የገዛ ግን ግዴታ እንዳለበት ይወቅ። አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ በየ50 ሰዓቱ ሾኩ ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲታደስ ያዝዛሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ቀላል መሪ ወይም ቀላል መቀመጫ ግዙልኝ ቢላችሁ፥ አስቀድሞ ጠንካራ የራስ ቍርና የሾክ ፖምፓ እንዳለው ጠይቁት። መምህሮቻችን ሆይ፤ በፊዚክስ ክፍል የምታስተምሩን የቦይል ሕግ በዚያ ትንሽ ሾክ ውስጥ ሲሠራ ይታያል፤ የታፈነው አየር ስፍራው በጠበበ መጠን ግፊቱ ይጨምራልና፥ አንድ ቀን ብስክሌት ወደ ክፍል ብናስገባ አትቈጡን። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፥ አንዱን ብስክሌት ለሦስትና ለአራት የምትነዱ፥ የእያንዳንዳችሁን ክብደትና የአየሩን ልክ በአንድ ካርድ ጽፋችሁ ከፍሬሙ ጋር እሰሩት። ተራ በተለወጠ ቍጥር አየሩም ይለወጥ። ይህ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ አጥንት ግን ያድናል።