ስለ ደራሲ ፊርማና ስለ ንግዱ

መጽሐፍን የሚወድ ሰው የደራሲውን የእጅ ጽሕፈት ለማየት ይመኛል። ደራሲው በመጽሐፉ ላይ በገዛ እጁ ስሙን ቢጽፍለት ደስታው ይበዛል፤ መጽሐፉንም እስከ ሽምግልናው ድረስ ይጠብቀዋል። ይህ ፍቅር የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የታወቀ ደራሲ የፈረመበት መጽሐፍ ካልተፈረመበት ይልቅ በብዙ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ መጽሐፉን ሳያነቡ፥ ፊርማውን ለትርፍ ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ የተገባ ነውን?

በአሜሪካ አገር በካምብሪጅ ከተማ ሎንግፌሎ የሚባል ባለቅኔ ነበረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1807 ዓ.ም. ተወልዶ በ1882 ዓ.ም. ሞተ። ዝናው በብዙ አገር ስለ ተሰማ፥ ፊርማውን የሚለምኑ ደብዳቤዎች በየጊዜው ይደርሱት ነበር። እርሱም የለማኙን ፊት ሳያውቅ እሺ ይል ነበር። በ1857 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ 70 ፊርማ ጽፎ፥ አሽጎ፥ አድራሻም ጽፎ እንደ ነበረ የዕለት ማስታወሻው ይናገራል።

በ1879 ዓ.ም. የከተማው ልጆች፥ በግጥሙ ካነሣው ዛፍ እንጨት የተሠራ ወንበር ሰጡት። ባለቅኔውም ወንበሩን ለማየት የሚመጣ ልጅ ሁሉ እንዳይከለከል አዘዘ። ስለ ወንበሩ የጻፈውንም ግጥም አሳትሞ ለልጆቹ ሰጣቸው። እንዲህ ያለው ሰው ደጁን የሚከፍተው የሰውን ቃል ስለሚያምን ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ነጋዴ፥ «ግጥምዎን እጅግ እወዳለሁ፤ ለመታሰቢያ ፊርማዎን ይስጡኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። ፊርማው በመጣለት ማግስትም ወደ ገበያ አወጣው። ነጋዴው ቢወቀስ እንዲህ ብሎ ይመልሳል፤ «ከተሰጠኝ ወዲያ ገንዘቤ ነው። በገንዘቤም እንደ ወደድሁ አደርጋለሁ። ደራሲውስ ከጥቂት ቀለም በቀር ምን ጐደለበት?»

ከዚህ ቃል እኩሌታው እውነት ነው። የተሰጠውን ነገር መሸጥ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሉዊስ ካሮል በሚል ስም የታወቀው ደራሲ፥ አሊስ ለምትባል ልጅ አንድ ተረት በገዛ እጁ ጽፎ፥ ሥዕልም ሥሎበት፥ በ1864 ዓ.ም. ሰጣት። እርስዋም ከ60 ዓመት በላይ ጠበቀችው። ባልዋ በ1926 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ግን ስለ ውርሱ የሚከፈለው ግብር አስጨነቃት። በ1928 ዓ.ም. መጽሐፉን በሎንዶን በሐራጅ ሸጠችው፤ ዋጋውም 15,400 ፓውንድ ሆነ። አሊስን አታላይ የሚላት የለም። የተቀበለችው በፍቅር ነው፤ የሸጠችውም በችግር ነው።

ደግሞም ሮውሊንግ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ አንድ የተረት መጽሐፍ በእጅዋ ጽፋ ሰባት አደረገችው። ስድስቱን ለረዷት ሰዎች ሰጠች። ሰባተኛው ግን በ2007 ዓ.ም. በሐራጅ በ1,950,000 ፓውንድ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለተቸገሩ ሕፃናት ርዳታ ሆነ። ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ለሽያጭ እንደ ተጻፈ ሁሉም ያውቅ ነበር። በግልጥ በሆነ ነገር የሚታለል ሰው የለም።

እንግዲህ የነጋዴው በደል በመሸጡ ሳይሆን በመዋሸቱ ነው። ፊርማው ገንዘቡ ቢሆንም፥ ፊርማውን ያገኘበት ቃል ሐሰት ነው። ደራሲው የሰጠው ለወዳጅ ነበር፤ የተቀበለው ግን ወዳጅ መስሎ የቀረበ ሌላ ሰው ነው። ከቀለም በቀር ምንም አልጐደለም ማለቱም ስሕተት ነው፤ እምነት ጐድሏልና። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ሁለተኛ ሲለመን ይጠራጠራል፤ ሦስተኛ ሲለመን ደጁን ይዘጋል። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን ታቅፎ ከሩቅ የመጣ ሕፃን ባዶ እጁን ይመለሳል። ሕፃኑ የሌላውን ሰው ዕዳ ከፈለ ማለት ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጊዜ ብዙ ደራስያን ከመፈረማቸው አስቀድሞ የጠያቂውን ስም ይጠይቃሉ፤ ያንንም ስም ከፊርማቸው ጋራ ይጽፋሉ። በስሙ የተጻፈለት አንባቢ እጅግ ደስ ይለዋል። ነጋዴ ግን የሌላ ሰው ስም ያለበትን መጽሐፍ ለመሸጥ ይቸገራል።

ፊርማ መነገድ የሚወድ ሰው ቀና መንገድ አለው። ወደ ደራሲው ቀርቦ፥ «እኔ መጽሐፍ ነጋዴ ነኝ፤ ይህን ቢፈርሙልኝ እሸጠዋለሁ» ይበል። ደራሲውም ቢወድ ይፈርማል፥ ቢወድ ዋጋ ይጠይቃል፥ ባይወድም ይከለክላል። ይህ እንደ ማናቸውም ንግድ የተገባ ነው። አሳቡን ለሰጪው ፊት ለፊት ለመናገር የሚያፍር ሰው ግን፥ ሥራው መልካም እንዳልሆነ ኀፍረቱ ራሱ ይነግረዋል። ከማናቸውም ሰው ስጦታ ሲለምን ለምን እንደሚፈልገው እውነቱን የሚናገር ሰው፥ ጥቂት ቢያገኝም ያገኘው በሙሉ የራሱ ነው።