የእንግሊዝ የእግር ኳስ ክለቦችና አሜሪካውያን ባለቤቶቻቸው

ባለጸጋ በገንዘቡ የገዛው ንብረት የራሱ መሆኑን ሕግ ያጸናለታል፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ክለብ የገዙ አሜሪካውያን ከደጋፊው ጋር ሃያ ዓመት ሲካሰሱ የኖሩት፣ ሕግ የሰጣቸውን መብት ብቻ አይተው፣ ልማድ ለሕዝቡ ያቆየለትን ድርሻ ሳያስተውሉ በመቅረታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ቡድን የቱን ያህል ቢሸነፍ ወደ ታች አይወርድም፤ ባለቤቱም ትርፍ ከታየው ከከተማ ወደ ከተማ ነቅሎ ይወስደዋል። የአርሰናሉ ባለቤት ስታን ክሮንኪ ራምስ የተባለውን ቡድናቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲያዛውሩ፣ የሴንት ሉዊስ ሰው ቢያዝንም ሊጉ አጽድቆላቸዋል። እንግሊዛዊው ደጋፊ ግን ክለቡን የሚያየው ምእመን ደብሩን በሚያይበት ዓይን ነው፤ አያቱና አባቱ የቆሙበት ስፍራ ነውና፣ የቤተ መቅደሱን ጣሪያ ያሳደሰ ባለጸጋ ታቦቱን ይዞ ወደ ሌላ አገር መሄድ እንደማይቻለው ሁሉ፣ ክለብ የገዛ ሰውም በእርሱ ዘንድ ባለአደራ እንጂ ፍጹም ጌታ አይደለም። በ1878 በባቡር ሠራተኞች የተመሠረተው ማንቸስተር ዩናይትድ በ1974 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ ደጋፊው አልተለየውም፤ በ2005 አሜሪካዊው የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን በብድር ገዝቶ ዕዳውን በራሱ በክለቡ ላይ ሲጭነው ግን፣ ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ ተለይተው የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ።

የልዩነቱን ጥልቀት አጉልቶ ያሳየኝ በፌብሩዋሪ 2016 በሊቨርፑል ስታዲየም በአንፊልድ የሆነው ነው። አሜሪካውያኑ የክለቡ ባለቤቶች የአንዳንዱን መቀመጫ ዋጋ 77 ፓውንድ ሊያደርሱት ወሰኑ፤ በእነርሱ አገር ገዢ እስከተገኘ ድረስ ዋጋ መጨመር ነውር አይደለምና። ሊቨርፑል ሰንደርላንድን 2 ለ 0 እየመራ፣ ጨዋታው 77ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ፣ አሥር ሺህ ያህል የሚገመት ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ የሚወደውን ቡድን ድል ሳይጠብቅ ወደ በሩ አመራ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ ባለቤቶቹም ሳምንት ሳይሞላ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሻሩ።

ይቅርታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በኤፕሪል 2021 እነዚሁ ሰዎች ከዩናይትድና ከአርሰናል ባለቤቶች ጋር፣ መሥራቾቹ ፈጽሞ በማይወርዱበት የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ውስጥ ገቡ። የሱፐር ሊጉ ሊቀ መንበር የሪያል ማድሪዱ ፍሎረንቲኖ ፔሬዝ ስለ ነበሩ ጥፋቱን በአሜሪካውያን ብቻ መለጠፍ ፍትሕ አይሆንም፤ ሆኖም መውረድ የሌለበት ሊግ ለእነርሱ የተለመደ ሥርዓት ሲሆን፣ ለእንግሊዛዊው በላቡ የሚያገኘውን ክብር መነጠቅ ነበር። ሊጉን የተቀላቀሉት የስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች ውጥን ሦስት ቀን ሳይሞላው ፈረሰ።

ስለዚህም ደጋፊው አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባዋል እላለሁ፤ በ2025 የጸደቀው የእንግሊዝ የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግም ክለብ ዓርማውንና የማልያውን ቀለም ያለደጋፊው ፈቃድ እንዳይለውጥ መከልከሉ የተገባ ሥራ ነው። እኛም በአዲስ አበባ ሆነን የአርሰናልንና የዩናይትድን ጨዋታ የምንከታተል ሰዎች፣ ባለቤቱን ተጫዋች በመግዛቱና ባለመግዛቱ ብቻ መመዘን ትተን፣ በክለቡ ላይ የጫነውን ዕዳና በስታዲየሙ በር ላይ የሚያስከፍለውን ዋጋ ጭምር እንጠይቅ።