ጭንቀት ብቻ ለምን በተናጠል?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪ የሚያደርጉትን ሁሉ በጅምላ ያደርጉታል። በጅምላ ይመድባሉ፣ ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ያሳድራሉ፣ በካፌ ሰልፍ ያበላሉ፣ አዳራሽ ሰብስበው ያስተምራሉ። ልጁ «ጨነቀኝ» ያለ ቀን ግን አሠራሩ ይለወጣል። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ወዳለበት የምክር ክፍል ብቻውን እንዲሄድ፣ በሩን ሲያንኳኳ ማን አየኝ እያለ እንዲገላመጥ ይጠበቃል። አብዛኛው አይሄድም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ መሰሎቹ የምክር አገልግሎታቸውን ትልቁን ክፍል ወደ ቡድን ማዞር አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ስምንት ያህል ተማሪዎች በሠለጠነ አወያይ ዙሪያ፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሥርዓት ማለቴ ነው። ከአንድ ለአንድ ምክር ያነሰ፣ ለድሃ አገር የተቆረጠ ድርጎ አድርገን ልናየው አይገባም።

ችግሩ መኖሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመቶ 21.6 የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ 40.9 አድርሶታል። መጠይቅ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ቁጥሮቹም ተራርቀዋል። ቢሆንም ዝቅተኛውን እንኳ ብንወስድ ከአምስት አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ ቀለለ የሚል ካለ የ2014ቱንና የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያስታውስ። ማለፊያውን ያገኙት ከመቶ 3.3 እና 3.2 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በሪሚዲያል ነው፤ ማለትም ገና ግቢውን ሲረግጡ «ወድቀሃል» የሚል ቃል በጆሯቸው እያቃጨለ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው በር ላይ ይጠብቃል። በመሐሉ የሚቆጨው፣ የሚያፍረው፣ ቤተሰቡ ሸጦ ለውጦ የላከው ልጅ አልጋው ላይ ተገልብጦ፣ ከጎኑ ያለው ልጅ ያንኑ እያሰበ እንደተኛ ሳያውቅ ያነጋል።

የባለሙያ እጥረት አለ ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያለውንም ባለሙያ እንዴት እንደምናሠራው እንቁጠር። በሳምንት 20 ሰዓት ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ ሰዓት ስምንት ጊዜ ቢሰጥ፣ 16 ሳምንት ባለው ሴሚስተር 40 ተማሪ ያስተናግዳል። ከሰዓቱ ግማሹን ለቡድን ቢያውለውና ለአንድ ቡድን ዝግጅቱን ጨምሮ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢመድብ፣ አምስት ቡድን በአንድ ጊዜ ይመራል። ስምንት ስምንት አባላት ይዞ በሴሚስተሩ ሁለት ዙር ሲያካሂድ 80 ተማሪ ይሆናል። በቀሪው ግማሽ ሰዓት ለብቻቸው የሚያነጋግራቸው 20 ሲጨመሩ መቶ ይሞላል። ሰው ሳይቀጠር፣ ሰዓት ሳይጨመር ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው።

ብዛቱ ጥራቱን አይገድለውም ወይ? በዚህ ረገድ ኡጋንዳ ጥሩ ማስረጃ አላት። በደቡብ ኡጋንዳ በማሳካና በራካይ፣ 30 መንደሮች ውስጥ ድባቴ ያጠቃቸው ሰዎች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ16 ሳምንት በቡድን እንዲገናኙ ተደረገ። አወያዮቹ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ የተሰጣቸው ሥልጠና ሁለት ሳምንት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ በቡድኖቹ ከታቀፉት መካከል ከባድ ድባቴ ያለባቸው ከመቶ 86 ወደ 6.5 ወረዱ፤ ባልታቀፉት ዘንድ ግን ከ94 ወደ 54.7 ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም የዚህን ዘዴ መመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የመንደር ጎልማሶች ከኮሌጅ ተማሪ ይለያሉ፤ ውጤቱን እንዳለ ገልብጠን አርባ ምንጭ ላይ መለጠፍ አንችልም። የሚያስረዳን ግን አንድ ነገር አለ፤ ቡድኑ ራሱ ይሠራል። ሰው «ይህ የደረሰብኝ በእኔ ብቻ አይደለም» ብሎ የሚያምነው አማካሪ ስለነገረው ሳይሆን፣ ያው ነገር የደረሰበት ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ ሲናገር ስለሰማ ነው። ደግሞም ለሌላው ምክር መስጠት መቻል፣ ራሱን ከንቱ አድርጎ ላየ ልጅ፣ ምክር ከመቀበል የበለጠ የሚያነሣው ጊዜ አለ።

አርባ ምንጭ ላለችበት ለጋሞ ምድር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀረው አገር የጋሞ አባቶችን ያወቃቸው በመስከረም 2011 በቁጣ የወጡትን ወጣቶች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው ሲመልሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀርባ ግን ዱቡሻ አለ፤ በምርቃት ተከፍቶ፣ ሰው በየተራ እየተነሣ ተናግሮ፣ ሌላው እስኪጨርስ አዳምጦ የሚቋጭ የአደባባይ ጉባኤ። ጎሜ የሚባለውም እምነት የተሰወረ በደል መከራ እንደሚያመጣ፣ ፈውሱም ነገሩን አውጥቶ መናገርና መታረቅ እንደሆነ ያስተምራል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ዱቡሻ ይፈርዳል፤ የምክር ቡድን መፍረድ የለበትም። ዱቡሻ አደባባይ ነው፤ ቡድኑ በሩ የተዘጋ ነው። በቀደመው ሥርዓት ሴቶችና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች በዱቡሻ የነበራቸው ቦታም ጠባብ ነበር፤ ያንን ልንወርስ አይገባም። ልንወስድ የሚገባን በተራ የመናገርንና የማዳመጥን ትዕግሥት ነው፤ እሱም ከውጭ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ከባዱ የምስጢር ጉዳይ ነው። ገመናን መሸፈን ባህላችን ነው፤ ዶርም ውስጥ የወጣ ወሬ ደግሞ ማታውኑ ግቢውን ያዳርሳል። ይህን ስጋት በባዶ ማባበል አይቻልም፤ በአደረጃጀት እንጂ። አርባ ምንጭ እዚህ ላይ ሁሉም ያላገኘው ዕድል አላት፤ ዩኒቨርሲቲው በአንድ ከተማ ውስጥ ከዋናው ግቢ ሌላ በሐይቆቹ፣ በወንዙና በፓርኩ ስም የሚጠሩ ዓባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎና ነጭ ሳር የተባሉ ግቢዎች አሉት። የአንዱን ቡድን አባላት ከተለያየ ግቢ ማሰባሰብ ይቻላል፤ አንድ ዶርም፣ አንድ ዲፓርትመንት የሚጋሩ ሁለት ሰዎች አብረው አይቀመጡም። ምስጢር ያወጣ እንደሚሰናበትም በመጀመሪያው ቀን ይነገራል። «ጉባኤው፣ ፌሎሺፑ፣ ጀመዓው ይበቃል» ለሚሉም፣ እነዚህ ስንቱን ልጅ ከመንገድ እንደመለሱ አልክድም። ሆኖም ኀፍረቱ ከእምነቱ ጋር የተጋጨበት ልጅ በምዕመናኑ ፊት ሊናገር ይከብደዋል። ስብስቡም በሃይማኖት የተለየ ነው፤ በሐረርና በጨንቻ ያደጉ ልጆች አንድ ዓይነት ፍርሃት እንዳላቸው የሚያውቁበት ቦታ ሌላ መሆን አለበት።

ቡድን ለሁሉም እንደማይሆን አውቃለሁ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ከገሃዱ ዓለም ውጭ የሆነ ድምፅ የሚሰማ፣ ገና በቅርቡ የተደፈረች ልጅ በመጀመሪያ ለብቻቸው መታየት፣ ወደ ሐኪም መላክ አለባቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ቡድን ከመግባቱ በፊት ከባለሙያው ጋር አንድ ጊዜ ለብቻው ይነጋገር። ሴቶች ከፈለጉ የራሳቸው ቡድን ይኑራቸው። አማርኛ አፉን ለማይፈታለትም ጋሞኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚችል ረዳት አወያይ ከሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ተመራቂዎች ሠልጥኖ ይመደብ። ጊዜው ደግሞ የፈተና ሰሞን አይሁን፤ ያኔ ሁሉም ይሮጣል። አዲስ ገቢዎች ከተመዘገቡ በሦስተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ናፍቆት ሲበረታና ጓደኝነት ገና ሳይጸና፣ ከሬጅስትራር ራቅ ባለ፣ ምንም ጽሑፍ ባልተለጠፈበት ክፍል ዘጠኝ ወንበር በክብ ይደርደር።