ብሽሽቱን በመርፌ እዩት እንጂ በክኒን አትጠብቁት

በአዊ ዞን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለምትሠሩ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፤

ዛሬ የምወቅሰው አሠራር የአንድ ተቋም ወይም የአንድ ሰው አይደለም። ብልቱ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ብሽሽቱ አብጦ ሲመጣ «ንፍፊት ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ ጽፎ መሸኘት ነው። ሰውየው ይመለሳል፣ መድኃኒቱ ይቀየራል፣ እንደገና ይሸኛል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለው ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ቢገኝበት አያስገርምም። እሾሁም፣ የተሰነጠቀው ተረከዝም፣ ዝሆኔውም መጨረሻቸው እዚያው ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰዎችን ሲያጠና፣ የአፈሩን ብናኝ በብሽሽት ዕጢዎቻቸው ውስጥ አግኝቶታል። በዚያ ላይ ወንድ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ በሚገረዝበት አገር የብልት ካንሰር ብዙ ስለማይታይ ጥርጣሬው ቶሎ አይመጣም። ያም ሆኖ ግርዛት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ኤችፒቪም ኤችአይቪም አሉ።

አራት ወይም ስድስት ሳምንት አንቲባዮቲክ ሰጥቶ መጠበቅ በአንድ ወቅት የመማሪያ መጽሐፍ ምክር ነበር፤ ከራሳችሁ አላመጣችሁትም። ዛሬ ግን ተትቷል። የብልት ካንሰር ታማሚን ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ብልቱ ላይ ያለው ቁስል ሳይሆን የብሽሽት ዕጢው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት ካንሰሩ ወደ ብሽሽታቸው የደረሰባቸውን 40 ሰዎች አነጻጽሮ ነበር። ዕጢው በእጅ ሳይዳሰስ በፊት ከወጣላቸው መካከል 84 በመቶው ሦስት ዓመት ሲሞላ በሕይወት ነበሩ። እስኪያብጥ ከተጠበቀባቸው ግን 35 በመቶው ብቻ።

እንግዲህ ያበጠውን በቀጭን መርፌ ውጉና ናሙና ውሰዱ። አካባቢያችን ንፍፊት የሚበዛበት መሆኑ ለመጠበቅ ሰበብ ሲሆን እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን መርፌውን ይበልጥ የሚያስፈልግ የሚያደርገው ይኸው ነው፣ ንፍፊቱንና ካንሰሩን በጣት ዳስሶ መለየት አይቻልምና። ውጤቱ «ካንሰር የለም» ቢል እንኳ ዕጢው ጠንካራ ከሆነ ወይም ካልጎደለ ይደገም። ብሽሽቱን በምላጭ ከፍቶ ቁራጭ መውሰድ ግን ይቅር፤ የኋላውን ቀዶ ሕክምና ያበላሻል።

ምንም ያልተዳሰሰበትስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እናርፋለን። ብልቱ ይቆረጣል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ «ድነሃል» ይባላል። ዕጢው በእጅ ከማይዳሰስባቸው መካከል ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ካንሰሩ በዓይን በማይታይ መጠን ብሽሽት ደርሷል። ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስበትን ዕጢ በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ፈልጎ ማውጣት ለእኛ ሩቅ ነው፤ ዕጢዎቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ግን ሩቅ አይደለም። ለማን እንደሚያስፈልግ የሚነግረን የፓቶሎጂ ወረቀቱ ነው፦ የካንሰሩ ደረጃ፣ የጥልቀቱ መጠን፣ ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱ። የተቆረጠው ብልት ፎርማሊን በሌለበት ዕቃ ታሽጎ ባሕር ዳር ሲደርስ ይህ ሁሉ ይጠፋል። «ካንሰር ነው» ብቻ የሚል መልስ ከመጣም ደውሉና የቀረውን ጠይቁ።

የሪፈር ወረቀቱም «የብልት እብጠት» ብቻ አይበል። ብሽሽቱ በቀኝ ነው በግራ፣ ስንት ዕጢ፣ ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ተሰጠው? በአዲስ ቅዳም የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሸጦ ለመሳፈሪያ ያጠራቀመ ገበሬ ለዚህ መልስ ሲባል ሁለተኛ መመላለስ የለበትም። ሁለትና ከዚያ በላይ ዕጢ ካንሰር ከተገኘበት ወይም ካንሰሩ የዕጢውን ሽፋን ጥሶ ከወጣ የዳሌው ውስጥ ዕጢዎችም ይታሰባሉ። የተጣበቀ ትልቅ ዕጢ ያለበት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒ ሊያስፈልገው ስለሚችል በቀጥታ ወደ ካንሰር ሐኪም ይሂድ።

ታማሚዎቹ ዕጢው ቢወጣ እግራቸው እንደ ዝሆኔ እንዳያብጥ ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ እብጠትና የቁስል መከፈት በእርግጥ ሊከተሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በዚህ ዞን የዝሆኔ ታማሚን እግር ማጠብ፣ መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማልበስ የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰውንም ሰው እነሱ ጋ ላኩት፤ ለቀዶ ሕክምናው ከመሄዱ በፊትም ይህን ንገሩት።