ያቺን ላስቲክ በምላጭ አትቁረጧት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ጋራዥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የማነሣው ነገር ለብዙ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል። ስለ ፍሪሲዮን ሊቨር ላስቲክ ነው። በግራ እጅ በኩል፣ ኬብሉ ከሊቨሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ የምትሸፍነው ያቺ ጥቁር ላስቲክ። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉትን፣ የግብርናና የጤና ሠራተኛ ተሸክመው ወረዳ ለወረዳ ሲዞሩ የኖሩትን ሞተሮች እስኪ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ላስቲኳ ወይ ጭራሽ የለችም፣ ወይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቃ ተንጠልጥላለች። ስንጥቁ ደግሞ ቀጥ ያለ ከሆነ ያረጀ ላስቲክ አይደለም፤ የምላጭ ሥራ ነው።

ለምን ትቆረጣለች? ኬብል ሲቀየር ላስቲኳ አስቸጋሪ ናት። ደርቃ ትጣበቃለች። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ አዲሱን ኬብል ካሰሩና ካስተካከሉ በኋላ ላስቲኳ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ይገኛል። በስነ ሥርዓት ለመመለስ ሁሉንም እንደገና መፍታት ሊኖርብህ ነው። ባለቤቱ ደጅ ቆሞ "አልቀህም እንዴ?" ይላል። ጭርር አድርጎ ቀድዶ ከላይ ማልበስ፣ ወይም ወርውሮ መተው። አምስት ደቂቃ ተረፈች። የማን አምስት ደቂቃ እንደሆነች፣ ማን እንደሚከፍላት ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

ኬብሉ አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም፣ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ድፍን ራስ ሊቨሩ ውስጥ ባለው ቀዳዳ ትቀመጣለች። ሊቨሩ በተጨበጠ ቁጥር ራሷ እዚያ ውስጥ ትንሽ መዞር አለባት። አቧራ፣ ጭቃና ዝገት ከያዛት ግን አትዞርም። ያኔ በእሷ ፋንታ ኬብሉ አንገቱ ላይ ይታጠፋል። ሽቦ ያለ ፒንሳ መቁረጥ ስንፈልግ ምን እናደርጋለን? ወዲህ ወዲያ እናጥፈዋለን። እዚህም የሚሆነው ያው ነው። ዛሬ አንድ ክር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ክር። የላስቲኳ ሥራ የኛ ኮረኮንች አቧራ እዚያ ቀዳዳ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ላስቲክ በሌለበት "ዘይት አደርግበታለሁ" ብትሉም ዘይቱ አቧራውን ይዞ እንደ መሞረጃ ይሆናል፤ የሊቨሩን ብሎንና ቀዳዳውን ይበላል።

"እና ቢበጠስ ምን አለበት፣ ኬብል አይደል?" የሚል አይጠፋም። እየሄዳችሁ ከተበጠሰ እንደምንም ትደርሱ ይሆናል። መብራት ላይ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ቆማችሁ ቢበጠስስ? ሞተሩ ወደፊት ይዘላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከፊታችሁ ደግሞ መንገድ የሚሻገር ሰው አለ። ከኋላችሁ የጫናችሁት ሰው አለ። ነገሩ የላስቲክ ብቻ የማይሆነው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ። "ላስቲኳ ውሃ ታቁራለች፣ ባትኖር ይሻላል፣ ንፋስ ያደርቀዋል" የሚሉ ጥሩ ባለሙያዎች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የተሰነጠቀች ላስቲክ የክረምት ጭቃ አስገብታ አታስወጣም፤ እንደዚያ ያለችው መነሣት አለባት። ከዚህ የሚከተለው ግን በደህናዋ ትተካ ነው እንጂ እርቃኑን ይቅር አይደለም። ደህና የሆነችዋም ብትሆን ተሸፍና ዓመት መክረም የለባትም። በአንድ ክረምት አንዴ እንኳ ተነሥታ ከሥሯ ያለው መታየት አለበት። እኔ የምቃወመው ማንሣቱን አይደለም፤ አነሣሡን ነው።

እንግዲህ አነሣሡ ይኸውላችሁ። ሞተሩ ይጥፋ። ላስቲኳ ከደረቀች ሞቅ ያለ ውሃ አፍስሱባትና ትንሽ ጠብቁ፤ ትለሰልሳለች። ማንሸራተቻው የሳሙና ውሃ ነው። ቤንዚን አታስነኳት፤ ላስቲክ ያሳብጣል፣ ያበላሻል። ከዚያ ላስቲኳን ገፋ አድርጋችሁ የኬብሉን ማስተካከያ ማሰሪያ ቀለበት አላሉና ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ኬብሉ ይላላል። ካልበቃ ሞተሩ ዘንድ ያለውን ማስተካከያም አላሉ። የቀለበቱን፣ የማስተካከያውንና የመያዣውን ስንጥቅ በአንድ መስመር ስታደርጉ ኬብሉ በዚያ ይወጣል። ከሥር ዳዶውን፣ ከላይ ብሎኑን ፍቱ፤ ሊቨሩ ከላስቲኳ ይወጣል። ላስቲኳን በኬብሉ ላይ ሸርተት አድርጋችሁ ታወጣላችሁ። በቃ፣ ምላጭ የት ገባ?

ስትመልሱ አንዲት ነገር አትርሱ፤ ኬብሉን ከማሰራችሁ በፊት ላስቲኳ ኬብሉ ላይ ትግባ። ግማሹ የምላጭ ታሪክ ከዚህ መርሳት የመጣ ነው። የኬብሉን ራስና ብሎኑን ጠርጋችሁ ትንሽ ግሪስ ቀቡ። ብሎኑን አታንቁት፣ ሊቨሩ ሲለቀቅ በራሱ መመለስ አለበት። አንድ የተበጠሰ ክር እንኳ ካያችሁ ኬብሉ ይቀየር። በመጨረሻ የሊቨሩ ጫፍ ላይ ያለውን ልል እንቅስቃሴ ለኩ፤ በብዙ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሞተሩ መመሪያ ካለ የእሱ ይቀድማል።

ስለ ሌላኛዋ ላስቲክም ልበል፤ ሊቨሩ ራሱ ላይ፣ ጣት በሚያርፍበት የምትገባዋ። እሷን በምላጭ ብትቀዷት አልጣላችሁም። ርካሽ ናት፣ በየሱቁ አለች። እንዲያውም የገዛችሁት ሞተር ላይ ካለች አውጥታችሁ ሥሯን እዩ። ወድቆ የተጣመመና ተመልሶ የተቃና ሊቨር ስንጥቁን በእሷ ይደብቃል። ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ራስ ተሰብራ እንደሆነም ሸፍናው ይሆናል፤ ያቺ ክብ ራስ የተቀመጠችው ስትወድቁ ሊቨሩ እንዳይወጋችሁ ነው። ወፍራም ከሆነች ደግሞ ሊቨሩ እስከ እጅ መያዣው አይደርስም፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ማርሽ "ክርርር" ይላል። ሰዉ ካምቢዮ ተበላሸ ብሎ ሞተር ያስፈታል!

አሁን ጥፋቱን ሁሉ መካኒኩ ላይ ጭነን እንዳንሄድ። እኛ ባለ ሞተሮች የምንከፍለው ለሚታይ ዕቃ ነው። አዲስ ኬብል ሲሰጡን እንከፍላለን፤ "ላስቲኳን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መለስኩ" ሲለን "ለዚህ ደግሞ ይከፈላል?" እንላለን። ለጥንቃቄ የማይከፍል ሰው ጥንቃቄ አያገኝም። የቆየ ሞተር ዕቃው እንደልብ አይገኝም፤ የተቆረጠችው ላስቲክ የመጨረሻዋ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ባለ ሞተር የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ኬብል ስታስቀይሩ "ላስቲኳን ሳትቆርጥ አውጣልኝ፣ የጊዜህን እከፍላለሁ" በሉ። ጋራዥ ያላችሁ ልጆቼ ደግሞ፣ ከሥር ያለማመዳችሁት ልጅ ምላጭ ሲያነሣ ካያችሁ እጁን ያዙት። እሱ ነገ የፍሬን ኬብልም የሚነካ ሰው ነው።