የግቢው ጊታር ትምህርት ዋጋው ስንት ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ አቡሽ ከእናቱ ጋር ፒያሳ ድረስ መጣ። ከቦሌ አራብሳ በጠዋት ተነስተው፣ ሰልፉን ችለው፣ ታክሲ ቀያይረው እኔ ጋ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም። አቡሽ ሰባት ዓመቱ ነው። እውነተኛ ስሙ ይቆየን፤ አቡሽ የሌለው ሰፈር የለምና አቡሽ እንበለው። የመጣው ጊታር ሊማር ነው። ለስንት ደቂቃ ብትሉኝ ለሃያ። ከዚያ በላይ አይቀመጥም፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ፣ ልቡ ደግሞ ኳስ ላይ ይሄዳል።

ትምህርቱ ሲያልቅ እናቱ ወደ በሩ ወጣ አድርጋ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ» አለች። «የታክሲው ብር ብቻ ቢሆን ግድ የለም። ቅዳሜዬ አለቀ እኮ! ልብስ የማጥበው መቼ ነው? ከዚህ ወር በኋላ የምንችል አይመስለኝም።»

ምን ልበላት? መልስ ሲጠፋኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነኝና ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። ለሃያ ደቂቃ ትምህርት ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ገደማ መንገድ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ በዚያ ላይ የአንዲት ሠራተኛ እናት ግማሽ የዕረፍት ቀን። ይሄ ሁሉ እንግዲህ እኔ አሥር ሳንቲም ሳልቀበል ነው። ከ2016 ዓ.ም. በፊት ግን የዚሁ ትምህርት ሙሉ ዋጋ ግቢውን ማቋረጥ ነበር። አሥራ አምስት እርምጃ።

ግቢያችን ከዶሮ ማነቂያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እኔን ጊታር ያስተማሩኝ ጥጉ ላይ ይኖሩ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌያችን ኪነት ጊታር ተጫዋች ነበሩ። አስተምሩኝ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ሲጫወቱ አፌን ከፍቼ እቆም ነበር፤ አንድ ቀን «ና እስቲ፣ ጣትህን አምጣ» አሉኝ። በቃ፣ ምዝገባው ይኸው ነው። ክፍያው ደግሞ ሱቅ መላላክ። እኔም በተራዬ አቡሽን ያገኘሁት እንደዚያው ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው በሬ ላይ ቁጭ ብሎ የጊታሬን ሆድ እንደ ከበሮ ይደልቅ ነበር።

ከዚያ የፒያሳ ነባር መንደሮች በኮሪደር ልማቱ ተነሱ። ጋሼ ወደ አንዱ የከተማ ዳር፣ እነአቡሽ ወደ ሌላው ሄዱ። እኔ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ጊዮርጊስ አካባቢ ቀረሁ።

እዚህ ላይ «ይሄ ደግሞ የድሮ ሰፈር ናፍቆት ሊያወራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንዲያውም አይደለም። የዚያ ግቢ ጣሪያ በክረምት ያፈስ ነበር። ለስድስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። የአቡሽ እናት ዛሬ የራሷ ውኃ፣ የራሷ መታጠቢያ፣ የሚቆለፍ በር አላት፤ «ወደዚያ ተመለሺ» ብላት በጥፊ የምትለኝ ይመስለኛል። ትሁን! የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ቤቱ ሲቀየር ቤቱ ተገመተ፣ ካሳም ምትክም ተባለለት። ግቢው በነፃ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አልሰፈረም። ልጅ ጠባቂ ጎረቤት፣ እቁብ፣ አስጠኚ፣ የጊታር አስተማሪ። በገበያ ስላልተሸጠ ዋጋ የሌለው መሰለ። ዋጋው የታወቀን ሲጠፋ ነው።

ለመሆኑ ሰባት ዓመት ልጅ ጊታር ይማራል ወይ? ይማራል፤ ግን እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ልጁ «ጊታር!» ሲል ትልቁን ጊታር፣ ያውም ባለ ብረት ክሩን ገዝቶ ይሰጠዋል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ጣቱን ያመዋል፣ ክንዱም አይደርስለትም። ከዚያ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፤ ልጁም «ተሰጥኦ የለውም» ይባላል። ልጁ ምን አጠፋ? የሙሉ ጊታር ክር የሚነዝረው ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሕፃናት ግማሽና ሩብ የሚባሉ መጠኖች የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ትንሹን ጊታር መግዛት ካልተቻለስ? እኛ ያደረግነው ይሄን ነው። ናይለን ክር ያለውን ጊታር ወሰድን። (በነገራችን ላይ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትሰሩ፤ ውጥረቱ ከባድ ስለሆነ አንገቱን ያጎብጠዋል፣ የክሩን ማሰሪያም ሊነቅለው ይችላል።) አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ስታስሩ ርዝመቱ ወደ 49 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ፍሬቶቹም ለትንሽ ጣት ይቀራረባሉ። ሦስቱን ወፍራም ክሮች ፈታናቸው። ሦስት ክር ለአቡሽ ይበቃዋል።

ለምን ይበቃዋል? አሁን የምነግራችሁን ነገር ጋሼ ሲያሳዩኝ ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ጊታር በተለመደው አቃኛነቱ ስድስቱ ክር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። የተደጋገመውን ሚ አንድ ጊዜ ቁጠሩና በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይሄ ምንድን ነው? ትዝታ ነዋ! ዋናው፣ ሙሉው የትዝታ ቅኝት። ፈረንጅ የሠራው ጊታር አንድም ጣት ሳታሳርፉበት ክሮቹ ትዝታን ተሸክመው ነው የተቀመጡት። ለልጅ ደግሞ ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይበቃሉ፤ ሶል ክፍት፣ ላ ሶል ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት፣ ሲ ክፍት፣ ሬ ሲ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት፣ ሚ ክፍት። አምስት ድምፅ፣ ጣት የሚያርፍባቸው ሁለቱ ብቻ። ካፖው ከታሰረ ሁሉም እኩል ከፍ ይላል እንጂ ቅኝቱ አይቀየርም። አቡሽ በሁለተኛው ሳምንት አያቱ የምታንጎራጉረውን ዜማ ክሩ ላይ እየፈለገ ነበር። ማንም «ኮርድ ሲ ሜጀር ያዝ» ብሎ ጣቱን አላጣመመበትም።

ክራር ያለው ቤት ደግሞ ከክራር ቢጀምር ይበልጥ ይቀለዋል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፤ ቀድሞ በቅኝቱ ስለሚቃኝ ክር ጨፍልቆ ድምፅ ማውጣት የለም፤ የጣት ሕመም የለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ጆሮው ውስጥ የገቡ ልጅ በኋላ ጊታር ላይ ሲመጣ የሚፈልገውን ያውቃል። ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ከማስቀመጥ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይሻላል። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ሕፃናትን ሲያስተምር ወላጅም አብሮ እንዲቀመጥ ያደርግ ነበር፤ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ከቤት ሰው ነው፣ ሙዚቃም እንደዚያው ነው ከሚል እምነት። የኛ ግቢ ሱዙኪን ሳያውቅ ሱዙኪን ይሠራ ነበር ማለት ነው። አየር ላይ ያለውን ዜማ ልጁ በየቀኑ ይሰማዋል፤ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው አሥራ አምስት እርምጃ ላይ አለ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ የሚቻለው በቅርበት ነው። አራት ሰዓት መንገድ ሲኖር በየቀኑ የሚባል ነገር የለም።

ይህች ከተማ ልጆችን ሙዚቃ አስተምራ ያተረፈች ከተማ ናት። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» ያልናቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ያው መምህራቸው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። እዚሁ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የደርጉን የቀበሌ ኪነት ብትወስዱ መፈክር ማስጮሂያ ነበር፣ በውድ ብቻ የሚገባበትም አልነበረም፤ ይሄን ጋሼ ራሳቸው ይናገራሉ። ቢሆንም የደሃ ልጅ በሰፈሩ ጊታርና ከበሮ የሚነካበት አንድ ክፍል ነበረው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲወድም ያዘንነው ለጣውላው ብቻ አልነበረም። ወጣት ቆሞ ትልልቆቹን የሚሰማበት ቦታ ስለተቃጠለም ጭምር ነው።

«ገበያው ይሙላው፣ የግል አስተማሪ ሞልቷል» የሚል ይኖራል። ገበያ አልጠላም፤ የተማርኩት እሱኑ ነው። ግን ቁጥሩን እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጊታር የምናስገባው ከውጭ ነው፣ ክሩም እንደዚያው። የደመወዝተኛው ገቢ ግን አብሮ እጥፍ አልሆነም። በዚህ ላይ የትምህርቱ ጥቅም ለከፋዩ ቤት ብቻ አይቀርም። ጋሼ እኔን አስተማሩ፣ እኔ አቡሽን፤ አቡሽም አንድ ቀን ሌላ አቡሽ ያገኛል። እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ገበያ ብቻውን በበቂ አያቀርበውም ብለው ነው ያስተማሩን። የሚከፍለው አንድ ሰው፣ የሚጠቀመው ሰፈር ነዋ!

ሆዜ አንቶኒዮ አብሬው የሚባል ቬኔዙዌላዊ ነበር። ሙዚቀኛ ብቻ ሳይሆን ኢኮኖሚስትም ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ካራካስ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቦ ጀመረ። ያ ነገር «ኤል ሲስቴማ» ተብሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያለፉበት የኦርኬስትራ ትምህርት ሆነ። ወቀሳም ደርሶበታል፤ ለመንግሥት ተጠግቷል፣ አሠራሩ ግትር ነው ተብሏል። እሱን መቅዳት አለብን አላልኩም። የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ የተጀመረው አዳራሽ ተሠርቶ አይደለም። ማንም የማይፈልገው ባዶ ቦታ ተከፍቶ ነው።

እኛስ ባዶ ቦታ የለንም? በየኮንዶሚኒየሙ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ አለ። አንዳንዱ ተከራይቷል፣ አንዳንዱ ዕቃ ታጭቆበታል፣ አንዳንዱ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። ለነዋሪ ማኅበራትና ለወረዳዎች የምለው ይሄ ነው፦ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንዱን ክፍል ለልጆች ሙዚቃ ክፈቱ። ከፒያሳና ከሌላውም ሰፈር ወደዚያ የሄዱ ስንት ጋሼዎች አሉ፤ ጊታራቸው አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። እነሱን ፈልጉ። ጥቂት ክራር እዚሁ አገር አሠሩ፤ ክራር ዶላር አይጠይቅም። ነዋሪ ከአንድ ሰፈር ሲነሳ ደግሞ የግድግዳና የጣሪያ መጠየቂያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በዚህ ግቢ ማን ማንን ያስተምራል?»

ለወላጆችም አንድ ነገር አለኝ። ጊታር የያዘ ልጅ ዱርዬ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ዛሬም በየቤቱ አለ። ድሮ «አዝማሪ» ስድብ ነበር፣ ዛሬ «አርቲስት» ሲባል ይጨበጨባል፤ ልጃችን ግን ሲሆን እንሳቀቃለን። አቡሽ ሙዚቀኛ እንዲሆን አይደለም የምለፋው። ሃያ ደቂቃ አንድ ነገር ላይ መቀመጥ፣ ሲበላሽ ከመጀመሪያው መጀመር ይልመድ ብዬ ነው። እሱን ደግሞ በመጽሐፍ አላስተማርኩትም።

የአቡሽ እናት የነገረችኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ማክሰኞ ደወልኩላት። «ቅዳሜሽን ያዢው፤ እኔ እመጣለሁ» አልኳት። የኔ መንገድ ለአንድ ልጅ አራት ሰዓት ከሚሆን ለአምስት ልጅ ቢሆን ይሻላል፤ ሒሳቡ ያን ያህል ቀላል ነው። «ቦታውስ? ቤት ውስጥ ታች ያሉት ጎረቤቶች ይቆጣሉ» አለች። ኮሚናሉን ጠየቅኳት። «ዝግ ነው። ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው መሰለኝ።»

ትናንት ኮሚቴው ጋ ደወልኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አዳመጠኝ፤ «በደብዳቤ አምጣው» አለኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ጽፌ ጨረስኩ። ቅዳሜ ጊታሩንም፣ ሦስት ክርም፣ ደብዳቤውንም ይዤ አራብሳ እሄዳለሁ። በሩ ካልተከፈተ ደረጃው ላይ እንጀምራለን።