ካርዱ ቢቃጠልስ?

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ፍስሐ ገነት ላይ ለሚተከል የቡና ማኅበር ሰርቨር «ውድ የሬይድ ካርድ ግዙ» የሚል ባለሙያ መጀመሪያ ምትኩን ያስብበት። እ.ኤ.አ. በ1988 የበርክሌይ ተመራማሪዎች ሬይድን ያቀረቡት ርካሽ ዲስኮች ተባብረው ውዱን ዲስክ እንዲተኩ ነበር። እኛ ግን ሁሉንም ለአንድ ካርድ አስረከብናቸው። ዲስክ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል፤ ካርዱስ? ብዙ ጊዜ እነዚያን ዲስኮች የሚያነባቸው የዚያው ኩባንያ ካርድ ብቻ ነው። እሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ! እስከዚያ ለገበሬው ሒሳቡን ማን ይንገረው? ካርዱ ባትሪ ከሌለው ደግሞ ካሹ ላይ የቆየው መረጃ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በሊኑክስ የተጣመሩ ሁለት ዲስኮች ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክተውም ይነበባሉ። በተረፈው ብር ዩፒኤስ ግዙ፤ መጠባበቂያ ቅጂም ያዙ፤ ሬይድ የተሰረዘ ፋይል አይመልስምና።